አልጋና ግድግዳ

ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ። በተራራው ወገብ ላይ፣ በጥድ ደን መካከል፣ ትልቅ ዋሻ ይገኛል። ዋሻው ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ያሠራው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። እሱ የነገሠው ከንጉሥ ላሊበላ በፊት ነው። እንግዲህ ቤቱ ከ800 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ብዙ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ያለውን የአጽም ክምር አይቶ ይገረማል። እኛን ያስገረመን ግን ግድግዳው ነው። አንድ ረድፍ እንጨት፣ ከዚያ ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት እየሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ድንጋዩ በነጭ ልስን ተለስኗል፤ እንጨቱ ጠቁሯል። ከሩቅ ሲያዩት ጥለት ያለው ነጠላ ይመስላል።

እንጨቱ ለጌጥ ብቻ አልገባም። እስቲ የቤታችሁን የጠፍር አልጋ ተመልከቱ። እግሩ ይበሳል። የአግዳሚው ጫፍ ይቀጥንና ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ጠፍሩ ሲደርቅ ሁሉንም ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሚስማር የለበትም፤ ልጆች ቢዘሉበትም ቶሎ አይፈታም። የድንጋይ ግድግዳም ጠላቱ ወደ ጎን መከፈት ነው። በግድግዳው ርዝመት የተጋደመው እንጨት እንደ አልጋው አግዳሚ ሆኖ ድንጋዩን ይይዛል።

መስኮቱማ እንደ ወንበር ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። ደፉም መቃኑም እንጨት ነው። በአራቱ ማዕዘን ወፍራም እንጨት ግድግዳውን ያቋርጣል፤ ጫፉም እንደ ጉጥ ወደ ውጭ ይወጣል። መቃኑ በነዚህ ተይዞ ይቆማል። ዛሬ ብዙ ቦታ መቃን በሚስማር ይመታና በጭቃ ይመረጋል። ጭቃው ሲደርቅ ይሸሻል፤ በሩም ይላወሳል። አልጋና ወንበር የሚሠራ አናጢ ግን መጋጠሚያ ያውቃል። መቃኑንም ለሱ መስጠት ይሻላል እንላለን።

በርግጥ ዋሻውም ረድቷል። እንጨቱን ዝናብ አያገኘውም። ውጭ ለሚሠራ ቤት ሰፋ ብሎ የወጣ የጣራ ክፈፍ ያስፈልጋል።

ላሊበላ ስንመለስ ቤተ አማኑኤልን አየን። እሱ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለ ነው። ግድግዳው እንጨት የለበትም። ሆኖም ወጣ ገባ እያለ የእንጨትና የድንጋይ ረድፍ መስሎ ተጠርቧል። በመስኮቱ ማዕዘን ላይም ጉጡ ከነመልኩ ተቀርጿል። ዐለት የሚያያይዘው እንጨት አይፈልግም፤ ጠራቢዎቹ ግን የአናጢውን መጋጠሚያ አልተዉትም። መሮ የያዘ አናጢ እዚያ ቢቆም፣ የትኛው እንጨት በየትኛው ላይ እንደሚያርፍ ከዐለቱ ላይ ማንበብ ይችላል።