«ቡና ቤት ነኝ» ብዬ የጻፍኩ ቀን

ዛሬ ስለ ፕሮሰስ አልጽፍም። ኬዛችሁ የቆመባችሁና የኢንተርቪው ቀን የምትጠብቁ፣ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝን በሚቀጥለው ሳምንት እመልሳለሁ። የዛሬው ስለ ቡና ነው። ረዘም ስለሚል ስኒያችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት እዚሁ ገጼ ላይ አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር፤ ጀበና፣ ረከቦት፣ የተጎዘጎዘ ሣር። ከሥሩ «ቡና ቤት ነኝ፣ ኑ» ብዬ ጻፍኩ። ጀበና ቡና የሚሸጥበት ቤት ማለቴ ነበር። ግን እኛ ዘንድ ቡና ቤት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ካባላጋላም ማታ ማታ በምን እንደምትታወቅ ካምፓላን የረገጠ ሁሉ ያውቃል።

ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ ፎቶውን አየችው። ማታ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «እኔ እዚህ የሰው ምንጣፍ ስጠርግ ውዬ የምልክልህን፣ አንተ ቡና ቤት ተቀምጠህ ትበትነዋለህ?» አለች። ከዚያ ዝም አለች። መልእክቱ ግን አላለቀም ነበር፤ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቼ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ቢራ እንዳልጠጣሁ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ጥያቄዋ ግን በዚያ አይመለስም። ቡናስ ቢሆን? በእህቱ ላብ የቤት ኪራይ የሚሞላ ሰው ካፌ መቀመጥ ይገባዋል? ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁም ከዘመድ ሰምታችሁታል። «ስደተኛ ነኝ ይላል፣ ቡናውን ግን አያጓድልም» የሚል ኮሜንት እኔም ገጽ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ በእህቴ ፈቃድ በአደባባይ ልመልስ።

ሂሳቡን ላስቀድም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የኡጋንዳ የ2006 የስደተኞች ሕግ ሠርተን እንድንኖር ይፈቅዳል፤ ደመወዜ ግን ትንሽ ነው፣ ሲዘገይም የእህቴ እጅ ይደርስልኛል። ከትምህርት ቤት እስከ ካባላጋላ በቦዳ ቦዳ መምጣት እችላለሁ። አልመጣም። አርባ ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ፤ የቦዳው ሂሳብ የቡናዬ ነው። እህቴ ከምትልከው አንድም ሽልንግ ስኒ ውስጥ አልገባም።

አሁን ወደ ቤቱ ልውሰዳችሁ። አንድ ክፍል ነው። እትዬ የምንላቸው የጅማ ሴት ጠዋትና አመሻሽ ላይ ይቆላሉ። ተፈጭቶ የቆየ ቡና እሳቸው ዘንድ አይገባም። ጥሬውን ውሃው እስኪጠራ እያሹ ያጥቡታል። እዚህ ሲጊሪ የሚሉት የከሰል ምድጃ ላይ ብረት ምጣዱን ጥደው ሳያቋርጡ ያማስሉታል። መንጣጣት ሲጀምር የሚያወራው ሁሉ ዝም ይላል። ወዙን ሲያወጣ ምጣዱን ይዘው ይዞሩልናል፤ ጭሱን በእጃችን ወደ ፊታችን እየሳብን «ጎሽ» እንላለን። ከተወቀጠ በኋላ ጀበናው ሁለት ሦስቴ ይገነፍላል፤ ከዚያ ማቶቱ ላይ ይቀመጥና አተላው እስኪሰክን ማንም አይነካውም። የመጣደፍ ልማዴ የሚለቀኝ በዚያች ሰዓት ነው። አቦሉ ወፍራም ነው፣ በፈንዲሻ ይጠጣል። ቶናው ላይ ጨዋታ ይደምቃል። በረካውን ሳይጠጣ የሚነሳ ሰው እትዬን ያስቀይማል።

በዚያ ቤት ጥግ ላይ አንዲት በርጩማ አለች። አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ይቀመጥባት ነበር። ብዙ አያወራም፤ ገንዘብ ሲያጥረው እትዬ በዱቤ ይሰጡታል። አንድ ሳምንት ሁለት ቀን ቀረ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ስኒውን ቀድተው ባዶዋ በርጩማ ፊት አስቀመጡና «ይሄ ልጅ የት ገባ?» አሉ። ማናችንም አናውቅም። ሁለታችን ተነስተን ቤቱን አፈላልገን ሄድን። ወባ ጥሎት፣ በሩን ለመክፈት እንኳ አቅም አጥቶ አገኘነው። ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስነው። ዛሬ ደህና ነው፤ ይህንንም ያነባል።

ካምፓላ የሚኖር ስደተኛ ራሱን በራሱ የሚያኖር ነው። ራሽን የሚቀበልበት ሰልፍ የለም፤ ስለዚህ ከሰልፉ ሲቀር «የት ሄደ?» የሚል የለም። ለእኛ ያ ሰልፍ የእትዬ ረከቦት ነው። የቡናው ዋጋ ውስጥ ይህም አለበት።

ለቤታችሁ ለምትገዙ ደግሞ ከስህተቴ ልንገራችሁ። እንደመጣሁ ሰሞን ከገበያ ርካሽ ጥሬ ቡና ገዝቼ እንደ እናቴ ቆላሁት። መረረኝ። ጎማ ጎማ ሸተተኝ። «ይሄ የእኛ ዘር አይደለም» ብዬ ተበሳጨሁ። የገዛሁት ሮቡስታ ነበር። ኡጋንዳ በብዛት የምታመርተው እሱን ነው፤ ፍሬው አነስ ብሎ ክብ ይላል፣ ካፌይኑም ከእኛው አረቢካ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። የለመድነውን ጣዕም የምትፈልጉ በኤልገን ተራራ፣ በምባሌ በኩል የሚበቅለውን የቡጊሱ አረቢካ ጠይቁ። በደንብ እጠቡት፣ እንዳያርም ከእሳቱ ቀደም ብላችሁ አውርዱት። የምትጠጡትን ያህል ብቻ ውቀጡ፤ የተፈጨ ቡና ሽታው ቶሎ ይከዳል።

ግን ሮቡስታን የሰደብኩት ባዮሎጂ አስተማሪ መሆኔን ረስቼ ነው። አረቢካ 44 ክሮሞዞም አላት፤ ሮቡስታ 22። አረቢካ የተገኘችው ሮቡስታ ዩጂኒዮይደስ ከተባለ ሌላ የቡና ዝርያ ጋር ተዳቅሎ ነው። «የእኛ ዘር አይደለም» ያልኩት ቡና የእኛው ወላጅ ነው።

ይህን ለሥራ ባልደረባዬ፣ ለታሪክ አስተማሪው፣ ስነግረው ሳቀና በማግስቱ ከአገሩ የመጣ የደረቀ ቡና በወረቀት ጠቅልሎ አመጣልኝ። ባጋንዳዎች እምዋኚ ይሉታል። ፍሬውን ከነቅርፊቱ ቀቅለው ያደርቁትና ለእንግዳ ያቀርቡታል፤ ይታኘካል። ድሮ ሁለት ሰዎች የደም ወንድማማችነት ሲገቡ ከአንድ ፍሬ የወጡትን ሁለት ዘሮች ተካፍለው ይበሉ ነበር፤ ስሙ ኦሙካጎ ነው። አንዷን ፍሬ ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ። መራራ ነው። ግን የኦሮሞ እናቶች በቅቤ የሚያዘጋጁትን ቡና ቀላ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ባዕድ አይደለም። እኔም በተራዬ ወደ እትዬ ወሰድኩት። አሁን አቦል ላይ ቢደርስም በረካን ሳይጨርስ አይነሳም።

ወደ እህቴ ልመለስ። በማግስቱ ደወልኩላትና ይህን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ቦዳው፣ ስለ ልጁ፣ ስለ በርጩማዋ። ረጅም ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ እዚህ በየቀኑ ለእንግዶቻቸው ቡና አፈላለሁ። ሄል የገባበት፣ ቢጫ ቡና። በትንንሽ ስኒ አዞራለሁ። በአራት ዓመት አንድም ሰው ጠጪ ብሎኝ አያውቅም። ከቤት ያመጣኋት ጀበና በነጠላ እንደተጠቀለለች ሻንጣዬ ውስጥ አለች።»

ምን እንደምላት አጣሁ። ገንዘቡን ስቀበል፣ ደረሰኝ ብዬ ስመልስ፣ ቡና ከማን ጋር ትጠጫለሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

የሪያድና የካምፓላ ሰዓት አንድ ነው። ስለዚህ ተቀጣጠርን። ዓርብ ማታ አምስት ሰዓት፣ ቤቱ ከተኛ በኋላ፣ እሷ ወጥ ቤት ውስጥ ጀበናዋን ምድጃ ላይ ትጥዳለች። መቁላት አትችልም፤ ጭሱ ያጋልጣታል። ስለዚህ የተቆላ ቡና ከሚመጣ ሰው ጋር ላኩላት። እኔ እዚህ እቆላለሁ፣ እሷ በስልኩ ድምፁን ትሰማለች። አቦል ላይ እሷ ታወራለች፣ ቶና ላይ እኔ። በረካ ላይ ስለ እናታችን እናወራለን።

ያለፈው ዓርብ በሰዓቱ አልደወለችም። አምስት ተኩል ሆነ። ደወልኩ፣ አላነሳችም። ደግሜ ደወልኩ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል በሹክሹክታ አነሳችው፤ እንግዳ አምሽቶባት ነው።

«ፈልገኸኝ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«ሁለት ጊዜ ደውያለሁ፣ እታለም። ቡናሽ ቀዝቅዟል» አልኳት።

ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነው።

ወገኖቼ፣ በየአረብ አገሩ ሰው ቤት ያለች እህት ያላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ስትደውሉ ከብሩ በፊት ቡናዋን ጠይቋት። ካምፓላ ያላችሁ ደግሞ፣ አመሻሽ ላይ እትዬ ጋ ነኝ። ጀበና ቡና ነው፤ ቡና ቤት አላልኩም።

ሰላም እደሩ።