የደበርጃን ቀለም ፍለጋ በኢስታንቡል

የታናሽ እህቴ ሠርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሁለት ትእዛዝ ተቀብዬ ኢስታንቡል ገባሁ። እህቴ «ለመልሴ ካባ የደበርጃን ቀለም ያለው ከፋይ» አለችኝ። እናታችን ደግሞ «ጥቁር ይዘሽ እንዳትመጪ፤ የምንደግሰው ለሠርግ ነው» አሉኝ።

ላለሊ የሚባለውን ሰፈር ለዕቃ የሚመላለሱ ነጋዴዎቻችን ያውቁታል፤ ቁልቁለቱ ሁሉ የጅምላ ልብስ መደብር ነው። ለአንዱ ጨርቅ ሻጭ ስልኬ ላይ ያለውን የደበርጃን ፎቶ አሳየሁት። ሳቅ ብሎ «ፓትልጃን ሞሩ!» አለ። ፓትልጃን ደበርጃን ነው፤ ሞር ደግሞ ሐምራዊ። (እኛ «ወይን ጠጅ» ብለን የቀለም ስም ከብርሌ ወሰድን፤ እነሱ ከድስት።)

ጥቅሉን ሲዘረጋው ክው አልኩ። ጥቁር ነበር። ሰውዬው ፊቴን አይቶ ጨርቁን ደጅ አወጣውና ፀሐይ ላይ ወደ ላይ ዳበሰው። ሐምራዊው ብቅ አለ። ወደ ታች ሲዳብሰው መልሶ ጠቆረ። ከፋይ ጠጉር አለው፤ ጠጉሩ እንደተኛበት አቅጣጫ መልኩ ይለዋወጣል። የካባው ግራና ቀኝ በአንድ አቅጣጫ ካልተቆረጠ ሁለት ቀለም እንደሚመስል በእጁ እያሳየ አስረዳኝ። አራት ሜትር አስቆረጥኩ። ገንዘቤ አለቀ፤ ሥጋቴ ግን አብሮኝ ነበር።

በትራም ኤሚኖኑ ወርጄ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የግብፅ ገበያ ገባሁ። ውስጡ ተፈልፍሎ የደረቀ ደበርጃን በክር ተሰክቶ ተንጠልጥሏል። በፈላ ውሃ አለስልሰው በሩዝና በሥጋ ይሞሉታል። ሐምራዊነቱ ግን የለም፤ አሮጌ ቆዳ መስሏል። ከገበያው ውጪ ከአትክልት ሻጭ ትኩሱን አንስቼ የቆቡን ጫፍ ገለጥ ባደርገው ሥሩ ነጣ ያለ ነው። ብርሃን ያላገኘው ልጣጭ ቀለም አያወጣም።

ይህች ከተማ በደበርጃን ምክንያት ተቃጥላለችም። በኦቶማን ዘመን ቤቶቿ የእንጨት ነበሩ። በበጋ ደበርጃን ሲደርስ በየቤቱ በዘይት ይጠበሳል፤ እሳቱ ካመለጠ፣ የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ እያገዘው ሰፈር ሙሉ ይበላ ነበር። «የደበርጃን ቃጠሎ» የሚል ስም እስከማውጣት ደርሰዋል።

ማታ ኢማም ባዪልዲ በላሁ፤ «ኢማሙ ራሱን ሳተ» ማለት ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም የተሞላ ደበርጃን በወይራ ዘይት። ረቡዕ ስለነበር ጾሜን ሳልፈታ ጠገብኩ።

አዲስ አበባ ስገባ እናቴ ጨርቁን ሳሎን ዘረጉትና ዝም አሉ። በረንዳ ይዤው ወጣሁና ወደ ላይ ዳበስኩት። ጠጋ ብለው እሳቸውም ዳበሱት፤ ደጋግመው።

«መልሱ በቀን ይሁን» አሉ በመጨረሻ።

በቀን ሆነ። የድንኳኑም አንድ ጎን እስከ ማታ ተገልጦ ዋለ።