ከዲንሾ እስከ ሳነቴ፤ የቤት ውሻና የቀይ ቀበሮ ጉርብትና

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ በኩል ወደ ባሌ የሚጓዝ መንገደኛ፣ የአርሲን የስንዴና የገብስ ማሳ በግራና በቀኝ እያየ ዶዶላንና አዳባን ያልፋል። አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ጋቢ እየናፈቀው ሄዶ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላው ዲንሾ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ይደርሳል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኘው እዚህ ነው። ከጥዱና ከኮሶው ዛፍ ሥር የደጋ አጋዘን ሰውን ሳይፈራ ሲግጥ ይታያል። ጎብኚ ሁሉ ካሜራውን የሚያወጣው ለእርሱ ነው፤ እኛ ግን ዛሬ ለአንባቢያችን የምናወራው ፎቶግራፍ ስለማያነሣው፣ በየደጃፉ ተጋድሞ ፀሐይ ስለሚሞቀው ውሻ ነው።

ውሻ ለባሌ ደገኛ ጌጥ አይደለም፤ ሌሊት ጅብን ከበረት የሚያባርር ዘበኛ ነው። ዘበኛ ደግሞ ከታሰረ ሥራውን አይሠራምና በልቅ ይኖራል። ቀን የወደቀውን እየለቃቀመ ይበላል፤ ከብቱ ወደ ላይኛው ግጦሽ ሲወጣም እረኛውን ተከትሎ አብሮ ይወጣል። ይኸው የላይኛው ግጦሽ የቀይ ቀበሮ አገር ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም። ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ ሊቃውንት የሚመድቡት ከተኩላ ወገን ነው፤ ለውሻም የቅርብ ዘመድ ስለ ሆነ የውሻው ደዌ ለእርሱም ይተርፈዋል። አዋቂዎቹ ብቻ ቢቆጠሩ በአገሩ ሁሉ ያለው ከ500 አይበልጥም፤ ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው በባሌ ይኖራል። ፍልፈሉንና አይጡን ለማደን ለየብቻው ይሰማራል፤ ማለዳና ማታ ግን ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ፣ እየተሻሸና እየተላላሰ ሰላምታ ይለዋወጣል። የሚያጠፋውም ይኸው ደስ የሚለው ጠባዩ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅ ነውና፣ አንዱ ከታመመ ቤተ ሰቡን ይዞ ይሄዳል።

ከዲንሾ በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው በዌብ ሸለቆ በ1996 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነው። በሽታው ከውሾች ወደ ቀበሮዎቹ ተሻግሮ፣ በዚያ ሸለቆ ይኖሩ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ። ከዚያም ወዲህ ተመልሶ መጥቶአል፤ ዲስቴምፐር የሚባለው፣ ከኩፍኝ ጋር የሚዛመደው የውሻ ደዌም ገብቶ አያሌ ቀበሮዎችን ፈጅቶአል። ጥይት የተኮሰ፣ ወጥመድ ያጠመደ ማንም አልነበረም።

እንግዲህ ቀበሮውን ለማዳን የሚፈልግ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከገበሬው ደጃፍ ነው። የክትባት ሠራተኞች መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን ይዘው፣ መኪና ከማይገባበት በፈረስ እየገቡ ከመንደር መንደር ይዞራሉ፤ መድኃኒቱ ሙቀት ካገኘው ኃይሉን ያጣልና ሣጥኑን ከራሳቸው ይበልጥ ይጠብቁታል። አስቸጋሪው መርፌው አይደለም፤ መርፌው ከቆዳ ሥር ገብቶ እስኪወጣ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። አስቸጋሪው መያዙ ነው። ታስሮ የማያውቅ ውሻ የባዕድ እጅ አያስጠጋም፤ ስለዚህ የሚይዘው ባለቤቱ ወይም አብሮት ያደገው ልጅ ነው፤ አፉን በገመድ ሸብ አድርጎ፣ ስሙን እየጠራ ያባብለዋል። «የኔ ውሻ ጨዋ ነው፤ ሰው ነክሶ አያውቅም፤ መርፌ ምን ያደርግለታል?» የሚልም በየአገሩ አይጠፋም። ጨዋው ውሻ ግን ሌሊት ካበደው ጋር ሲናከስ ቢያድር ጌታው በምን ያውቃል?

ከመቶ ውሾች 70 ያህሉ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ቍጥሩ ግን ባለበት አይቆይም፤ የተከተበው ይሞታል፣ ያልተከተበ ቡችላ ይወለዳል። ስለዚህ አምና የተዞረው መንደር ዘንድሮም ይዞራል። ከነሐሴ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለቀበሮው ለራሱ፣ የሚዋጥ ክትባት ከፍየል ሥጋ ውስጥ እየተደበቀ በሌሊት እንዲጣልለት ተደርጎአል።

ይህ የተራራ ወሬ ነው ብሎ ገጹን ሊገልጥ የተዘጋጀ የከተማ አንባቢ ቢኖር፣ ጥቂት ይታገሠን። ይህ ደዌ ሰውን ሲይዝ ከመቶው 99 ጊዜ የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ ሐኪም የሚያደርገው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል ተብሎ ይገመታል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከውሻ ጋር የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። ቡችላ ያመጣ ሰው ሦስት ወር ሲሞላው ያስከትበው፤ በዓመቱም ይድገምለት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀጠሮ የእንስሳት ሐኪሙ ይነግረዋል። ድመትም ከዚህ ነጻ አይደለችም።

የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠበው፤ ጭረት ናት ብሎ ሳይንቅ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚሻ ቢኖር አንከለክልም፤ ክትባቱ ግን ይቅደም። ጤነኛ መስሎ የነከሰውን ውሻ ቸኩሎ መግደልም አይበጅም፤ ታስሮ ዐሥር ቀን ቢጠበቅ መታመም አለመታመሙ ይለያልና። የተነከሰው ሰው ክትባት ግን ይህን ቀን አይጠብቅም።

ወደ መንገዳችን እንመለስ። ከዲንሾ ሮቤን አልፎ ጎባ የገባ ሰው፣ ወደ ደሎ መና የሚወስደውን ጎዳና ይዞ ሽቅብ ይወጣል። የአስታው ቍጥቋጦ እያጠረ ሄዶ ያልቅና ሳነቴ ይዘረጋል፤ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ፣ ጅብራው እንደ ዘብ ቆሞ፣ ኩሬው ሰማይ መስሎ። ፊት ለፊት 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይታያል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ከዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቶአል።

ከጎባ ማልዶ የተነሣ፣ ቀይ ቀበሮ ከፍልፈል ጕድጓድ ፊት ጆሮውን ቀስሮ ሲያደባ ሊያገኝ ይችላል። መኪናውን ያቁም፤ ሞተሩን ያጥፋ፤ ከስንቁ ፍርፋሪ አይጣልለት። የራሱንም ውሻ፣ የተከተበ እንኳ ቢሆን፣ ከቤቱ ትቶት ይምጣ።