ከቦንጋ እስከ ባሶ

ጳጉሜን ሲገባ ስልካችን ውስጥ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይበዛል። የዓመቱ ፎቶዎች በሙዚቃ ታጅበው ያልፋሉ፦ ምርቃት፣ ልደት፣ ሐይቅ ዳር፣ አዲስ ጫማ። መጨረሻ ላይ «2016 ደህና ሁን፣ 2017 እንኳን ደህና መጣህ» ምናምን ይላል። እኔም ልሠራ ሞከርኩ። ጋለሪዬን ከመስከረም ጀምሬ ሳየው ግን ያለኝ በአብዛኛው የሀንድአውት ፎቶ፣ የቡና ፎቶ፣ እና የማላውቃቸው ልጆች የፈተና ቁጥር የተጻፈበት አንድ ወረቀት ነው። በዚህ ደግሞ ቪዲዮ አይሠራም። ስለዚህ ልጽፈው ነው።

የተወለድኩት የጁቤ ነው፤ ምሥራቅ ጎጃም፣ ባሶ ሊበን ወረዳ። የምማረው ቦንጋ ነው፤ ካፋ ዞን። እኔ ቦንጋን አልመረጥኩም፣ ቦንጋም እኔን አልመረጠችም፤ ምደባ ነው። ዩኒቨርሲቲው አራተኛ ትውልድ ከሚባሉት አዳዲሶቹ አንዱ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ለመድረስ መጀመሪያ ዓባይን መሻገር አለብኝ። ፍሬሽ እያለሁ እናቴ ለጎረቤት ስትናገር «ልጄ ቡና አገር ናት» ትል ነበር። ስሙን ቶሎ አልያዘችውም። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመት ጨረስኩ።

ዓመቱ የጀመረው ከታች ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ እኛ አገር የሞባይል ኢንተርኔት አልነበረም። ስልክም አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። እኔ መስከረም አጋማሽ ላይ መንገዱ ለሁለት ቀን ፋታ ሲያገኝ ወጥቼ ቦንጋ ደረስኩ። ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ ውጤት ይጠብቅ ነበር። መስከረም መጨረሻ ላይ ውጤት ወጣ ሲባል እሱ የሚያይበት ኢንተርኔት የለውም። ደወለልኝ። የፈተና ቁጥሩን አንድ በአንድ አስጻፈኝ።

ዶርም ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ቁጥሩን አስገባሁ። ገጹ እስኪከፈት ብዙ ቆየ። ከዚያ የትምህርቶቹ ውጤት ተደርድሮ መጣ። ደመርኩት። ደግሜ ደመርኩት። ግማሽ አይሞላም።

«እሺ?» አለኝ።

«አልሞላም» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ «ቆይ፣ አትዝጊው፤ እዚህ ሌሎች ልጆች አሉ» አለኝ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። እያንዳንዱ ቁጥሩን ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ አስገባለሁ፣ እነግረዋለሁ። አስራ አንድ ነበሩ። አስራ አንዱንም አየሁ። አንድም አላለፈም። አንዷ ልጅ ሰምታኝ ስታበቃ «እህቴ፣ ስላየሽልኝ አመሰግናለሁ» አለችኝ። ድምፅዋ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

በዚያ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር ሁላችሁም በዜና ሰምታችሁታል፤ ብዙ ተቀልዶበታልም። አንድ በአንድ ለባለቤቱ ስታነቡት ግን ቀልዱ ይጠፋል። ወረቀቱን ፎቶ ያነሳሁት ለምን እንደሆነ አላውቅም። ብቻ መጣል አልቻልኩም።

ከፍ ያለው ነገር የመጣው ኅዳር ላይ ነው። ከዶርም ጓደኞቼ አንዷ የዴቻ ወረዳ ልጅ ናት፤ ማንኪራ የሚባለው የዱር ቡና ደን ያለበት ወረዳ። አንድ ዓርብ ከሰዓት «ነገ ቤት እሄዳለሁ፣ ቡና እየተለቀመ ነው፣ ነይ» አለችኝ። ሄድኩ።

እኔ የማውቀው ቡና ከገበያ በጣሳ ተሰፍሮ የሚመጣ ጥሬ ነው። ታጥቦ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ አለቀ። ዛፉን አይቼ አላውቅም ነበር። እዚያ ግን ቡናው በመስመር የተተከለ አይደለም፤ ትላልቅ ዛፎች ሥር፣ ኮረሪማው መሀል፣ ደኑ ውስጥ በየቦታው ቆሟል። ዛፎቹ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ቀይ የሆነውን እሸት ብቻ ነው የምትለቅሙት፤ አረንጓዴውን ለሳምንት ትተዉታላችሁ። ፍሬውን አፌ ውስጥ ጨመቅኩት፤ ይጣፍጣል! ቡና ጣፋጭ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የለቀምነው አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ከነገለፈቱ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል። ዝናብ ሲያንዣብብ ሁሉም ሥራውን ጥሎ ሸራ ለማልበስ ይሮጣል። ቦንጋ አካባቢ ደግሞ ዝናብ ወቅት አይመርጥም፤ በሁለት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ሮጠናል።

የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ቦንጋ ከተማ ውስጥም የቡና ሙዚየም አለ። ይህን ከክፍል ጓደኞቼ ሰምቼው ነበር። በጣቶቼ የገባኝ ግን እዚያ አልጋ አጠገብ፣ ጀንፈሉን ሳገላብጥ ነው።

ማታ ቆጮ በአይብና በጎመን በላን። የጓደኛዬ አባት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እናቷ የሚቀናቸው ካፊ ኖኖ ነው፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ ለመናገር ግን ብዙም አይደፍሩም። እኔም ከካፊ ኖኖ ያን ጊዜ የማውቀው ቡና «ቡኖ» መባሉን ብቻ ስለነበር ተግባባን ማለት ይቻላል። አባባ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ።

«ከጎጃም ነኝ። የጁቤ፣ ባሶ ሊበን።»

«ባሶ?» ብለው ቀና አሉ። «የባሶ ገበያ?»

እኔ ባሶን የማውቀው የወረዳዬ ስም አድርጌ ነው፤ መታወቂያዬ ላይ ያለ ስም። እሳቸው ግን መንገዱን እንደሚያስተምሩ ሆነው ቆጠሩልኝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴ ከቦንጋ ተነስቶ ጅማ ሂርማታን፣ ሊሙ ሳቃን አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ባሶ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ምጽዋ። ከዚህ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ይሄዳል፤ ከዚያ አሞሌ ጨው ይመጣል። «ስለዚህ አንቺ እንግዳ አይደለሽም፤ በጥንቱ መንገድ ነው የመጣሽው» አሉኝ። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ሰውም ይሄድበት ነበር» አሉ፣ ቀስ ብለው። ባሪያ ማለታቸው ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራው የምኒልክ ጦር ካፋን ሲይዝ፣ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሻሮቺ ተማርከው ከአገራቸው እንደወጡም ነገሩኝ። ይህ በትምህርት ቤት ባለፍኩበት ታሪክ ውስጥ አንድ አንቀጽ ቢሆን ነው። አባባ ሲነግሩኝ ግን ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ሊያሳፍሩኝም አልፈለጉም። አስተማሪ ናቸው፣ ተማሪ አገኙ፣ መንገዱን ሙሉውን ነገሩኝ። እኔም ምን እንደምል ስላላወቅኩ ሁለተኛ ሲኒ ጠጣሁ። እማማ በዝምታ ሦስተኛውን ቀዱልኝ።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቴ ወረደ። ብዙ የሚወራበት አይደለም፤ ሁለት ሲ፣ አንድ ዲ። የካቲት ላይ እረፍት ሲሆን ሁሉም ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ወደ እኔ አገር የሚሄድ መኪና ግን አልነበረም፤ ቢኖርም እናቴ «እንዳትሞክሪው» ብላ ምላ ነበር። ጓደኛዬ ሳትጠይቀኝ የእኔንም ቦርሳ ተሸከመች። እረፍቱን ዴቻ አሳለፍኩ። እንሰት ሲፋቅ አየሁ፣ ራሴም ሞከርኩ፣ ተሳቀብኝ።

የዓመቱ ታችኛው ጫፍ መጋቢት ነው። ወንድሜ ደወለና ስለ አየር ሁኔታ ጠየቀኝ። ወንድሜ በሕይወቱ ስለ አየር ሁኔታ ጠይቆኝ አያውቅም።

«እማዬ ምን ሆነች?» አልኩት።

የሐሞት ጠጠር ኖሮባት ደብረ ማርቆስ ሄዳ ኦፕራሲዮን ተደርጋለች። ከሆነ ሦስት ሳምንት አልፏል። እኔ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ላውንጅ ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጥቻለሁ፣ ፕሬዘንቴሽን አቅርቤአለሁ፣ አንድ ልጅ ቴክስት አልመለሰልኝም ብዬ ተናድጃለሁ። እናቴ ቢላ ሥር ሆና!

በማግስቱ ሬጅስትራር ሄጄ የዊዝድሮው ፎርም አመጣሁ። አንድ ዓመት ብቀጣስ? እሷ ብትሞትስ? ፎርሙን ሞልቼ ሳልፈርምበት ሁለት ቀን ትራሴ ሥር አሳደርኩት። በሦስተኛው ቀን ስልክ ሠራና እናቴን አገኘኋት።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እመጣ ነበራ!»

«እኮ! ለዚህ ነዋ ያልነገርንሽ። መንገዱን አንቺም ታውቂዋለሽ። እኔ የፈራሁት ቢላውን አይደለም፣ አንቺ መኪና ላይ መውጣትሽን ነው። በይ ተማሪ፣ ልጄ። እኔ ድኛለሁ።»

ተናድጄባታለሁ፤ አሁንም ትንሽ እናደዳለሁ። ግን ሐኪም ቤት ተኝታ ስለ እኔ መንገድ የምትጨነቅ ሴት ላይ እንዴት አድርጎ ሙሉ በሙሉ ይናደዱባታል? ፎርሙን ቀደድኩት።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ነገርኳት፣ እሷ ለእናቷ ነገረች። ከፋሲካ በኋላ ግንቦት ላይ ከዴቻ አንድ ዕቃ መጣ፦ ሁለት ኪሎ ቡና፣ በጨርቅ የተቋጠረ ኮረሪማ፣ እና በሃይላንድ የተሞላ የጫካ ማር። «ለእናትሽ ነው ብላለች» አለች ጓደኛዬ። «እንዴት ይደርሳል?» ስላት «ድሮስ እንዴት ይደርስ ነበር?» ብላ እንደ አባቷ ሳቀች።

እና ላክነው። አንድ የቦንጋ ሚኒባስ ሾፌር ጎጀብን ተሻግሮ ጅማ አደረሰው፤ ጅማ የሚማር የክፍል ጓደኛችን ወንድም ተቀበለው። እሱ አዲስ አበባ ለሚሄድ ዘመዱ ሰጠው፣ ዘመዱ ለአክስቴ። አክስቴ ጋ ብዙ ቀን ተቀመጠ፤ መኪና የለም። ከዚያ አንድ የደብረ ማርቆስ ሾፌር እሺ አላት። ወንድሜ ማርቆስ ሄዶ ወሰደው። ከቦንጋ በወጣ በ19ኛው ቀን ባሶ ሊበን ገባ። ከእነዚህ ሰዎች መሀል ገንዘብ የተቀበለው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም የነዳጅ እንኳ የማይሆን። ማሩ ግን ግማሽ ሆኖ ነው የደረሰው። የት ላይ እንደተቀነሰ እስካሁን እየተጣራ ነው፤ እኔ አክስቴን እጠረጥራለሁ።

እናቴ ቡናውን ያፈላችው ጎረቤት ሰብስባ ነው። ወንድሜ ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠልኝ። ሲኒው ሲንኳኳ፣ ሴቶቹ ሲመርቁ ይሰማኛል። «ይቺ ሴትዮ ስሟ ማነው?» አለች እናቴ። የጓደኛዬን እናት ስም ነገርኳት። ደግማ ጠራችው፣ ትንሽ አጣመመችው፣ እንደገና ሞከረች። «አሁን ያዝኩት» አለች። ቡና አገር ስትለው የኖረችውንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦንጋ ነው የምትለው።

ከዚያ ወዲህ ያለው አጭር ነው። ሁለተኛው ሴሚስተር ውጤቴ ተሻሻለ፣ ዲው ተስተካከለ። ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ እኔ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ነበርኩ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። የጁቤ አልሄድኩም። እናቴን ካየኋት አንድ ዓመት ሊሞላ ነው። ወንድሜ ሐምሌ ላይ በግል ተመዝግቦ እንደገና ሊፈተን ነበር፤ አልሆነለትም። በዚህ ሳምንት የ2016 ውጤት ወጥቶ ያለፉት 5.4 በመቶ ናቸው ሲባል ስልኬን እያየሁ ቆየሁ። ማንም ደውሎ ቁጥር አላስጻፈኝም። አምና አስራ አንድ ቁጥር ማየት የዓመቱ ክፉ ቀን መስሎኝ ነበር። ዘንድሮ የሚታይ ቁጥር እንኳ የለም።

ለአባባ የእንኳን አደረሰዎ ስልክ ስደውል ይህንኑ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ልጁ እዚህ ይምጣ። ከእኛ ጋ ይቀመጥ፣ እኔ አስጠናዋለሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚሁ ይፈተናል» አሉ። እንደ ቀላል ነገር ነው ያሉት። ወንድሜ ሲሰማ ጮኸ። እኔም ልቤ ዘለለ። ከዚያ እናቴን አሰብኩ፤ ከኦፕራሲዮን ስድስት ወሯ ነው፣ ቤት ውስጥ ውኃ የሚቀዳላት እሱ ብቻ ነው። ሁለታችንንም ለቡና አገር ከሰጠች ከማን ጋር ልትቀር ነው?

ጉዳዩን ትናንት ነገርናት። «ላስብበት» አለች። እናቴ ላስብበት ስትል ብዙውን ጊዜ እምቢ ማለቷ ነው፤ ዘንድሮ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። መስከረም ላይ ወደ ቦንጋ እመለሳለሁ፤ አራተኛ ዓመት፣ የመውጫ ፈተና፣ ሁሉም ይጠብቀኛል። የአንድ ሰው ትኬት እቁረጥ ወይስ የሁለት? መልሷን እየጠበቅኩ ነው።