ንፋስ ያለበት ካሴት

ለንፋስ መውጫ ስም ያወጣላት ሰው አላጋነነም። ከወረታ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ይህች የጋይንት ከተማ ንፋሷን ካሴት ላይ ሳይቀር አስቀድታለች። ማስረጃው አጎቴ ቤት አለ።

አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቴፓቸውን ሬድዮው ፊት አስጠግተው ከአዲስ አበባ የሚተላለፈውን ዘፈን ይቀዱ ነበር። የሚያገናኝ ገመድ የለም፤ ሬድዮው ይዘፍናል፣ ቴፑ ያዳምጣል። ስለዚህ ጥላሁን ገሠሠ ሲያዜም በሩ ሲጢጥ ይላል፤ ጣሪያውን ንፋስ ያንገጫግጨዋል፤ ብዙነሽ በቀለ ስትቀጥል «ዝም በሉ!» የሚል የአጎቴ ቁጣ ይሰማል። አንዱ ካሴት ላይ ቡና ይወቀጣል። የምትወቅጠው አክስቴ ናት፤ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል።

ካሴቶቹ መትረፋቸው ራሱ ይገርመኛል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ሲገባ ቤተሰቡ ቤቱን ጥሎ ወጥቶ ነበር። ሲመለሱ ሬድዮውም ቴፑም የለም፤ ካሴቶቹ ግን ወለሉ ላይ ተዘርግፈው ተገኙ። ዛሬ ካሴት ማን ይሰርቃል!

አሁን የአጎቴ ልጅ ባሕር ዳር አሮጌ ቴፕ ፈልጎ ገዝቶ ወደ ኮምፒዩተር እየገለበጣቸው ነው። ጠባችን እዚህ ላይ ተነሣ። እሱ የዜና አንባቢውን፣ የሞገዱን ፉጨት፣ ሙቀጫውን ቆራርጦ ዘፈኑን ብቻ ማስቀረት ይፈልጋል። አንባቢ ይፍረደኝና፣ ለእኔ ዋናው እሱ ቆርጦ የሚጥለው ነው።

ለምን ቢሉ፣ ዘፈኑ ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ይገኛል። አምሃ እሸቴ ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ያሳተማቸውን ሸክላዎች ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች እንደገና አውጥቷቸው ዓለም ሰምቷቸዋል። በእርግጥ የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ለሬድዮ የተጫወቱት ሁሉ ሸክላ ላይ አልወጣም፤ እሱ ከተገኘ ዘፈኑም ብርቅ ነው። ሸክላ የማይነግረን ግን ዘፈኑ ከየትኛው ዜና ቀጥሎ እንደመጣ፣ በምን ቃና እንደተዋወቀ ነው። የጣቢያው ስም እንኳ ቀን ይቆጥርልናል። «ብስራተ ወንጌል» ተብሎ ከተጠራ ቅጂው ከመጋቢት 1969 ዓ.ም. በፊት ነው፤ በዚያ ወር ደርግ ጣቢያውን ወርሶ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» አሰኘው። አጎቴ ካሴቶቻቸው ላይ አንድም ቀን አልጻፉምና ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

አጎቴን ዳኛ አደረግናቸው። «ዘፈኑንማ ኤፍ ኤሙም ያሰማኛል» ብለው ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

የፍጥነቱን ነገር በተመለከተ ግን ልጁ ልክ ነው። በዚያን ጊዜ የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም የቴፑ ሞተር ይዘገያል፤ በዝግታ የተቀዳው ደግሞ በደህና ቴፕ ሲከፈት ይፈጥናል። በአንዱ ካሴት መጨረሻ ላይ ማሕሙድ አሕመድ የአሥር ዓመት ልጅ መስሎ ይዘፍናል። ይህ ቢስተካከል አልቃወምም፤ ነገር ግን በሁለተኛው ቅጂ ላይ ይሁን። የመጀመሪያው ከነጉድፉ፣ ኤምፒስሪ ተብሎ ሳይጨመቅ፣ ይቀመጥ። ያረጀ ክር በዞረ ቁጥር ዱቄቱ ይረግፋል፤ ዳግመኛ ለመቅዳት ላይመች ይችላል።

በመጨረሻ በሁለት ቅጂ ተስማማን፤ የሃርድ ዲስኩ ወጪ በእኔ ላይ ወደቀ። እስካሁን 11 ካሴት ተገልብጧል። ሙቀጫው ያለበት ክር መሀሉ ላይ ተበጥሶ በቀጭን ፕላስተር ተቀጥሏል። የቴፑ ራስ በአልኮል እስኪጠረግ ድረስ ማንም እንዳይከፍተው ሣጥኑ ላይ ተጽፎበታል።