አሥራ አንድ ለአሥር

በየእሑዱ ለእናቴ እደውላለሁ። ጤና ተጠያይቀን፣ የጎረቤት ሠርግና የዘይት ዋጋ ተወርቶ ካለቀ በኋላ፣ «አንተስ ምን ስትሠራ ዋልክ?» ትለኛለች። ብዙ ጊዜ «ምንም» እላለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን አንድ የግንቦት እሑድ አፌ ቀደመኝና እውነቱን ተናገርኩ።

«ኳስ ሳይ።»

«የምን ኳስ?»

«ቤዝቦል የሚሉት አለ። በዱላ የሚመታ።»

«እንደ ገና?»

«እንደ ገና እንኳ አይደለም እማዬ። ዱላ ግን አለው።»

«እነማን ናቸው የሚጫወቱት?»

«የትንንሽ ኮሌጅ ተማሪዎች።»

«ይከፈላቸዋል?»

«አይከፈላቸውም።»

«ታዲያ ምን ይጠቅማቸዋል?»

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። እሷም ዝምታዬን ሰምታ ጨመረችልኝ፤ «አንተንስ?»

ሁለተኛውን ጥያቄ ዛሬም አልመለስኩትም። የመጀመሪያውን ግን ለመመለስ ሞክሬያለሁ። አሜሪካ ውስጥ ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር አባላቱን በሦስት ዲቪዥን ከፍሏቸዋል። አንደኛው ዲቪዥን በቴሌቪዥን የምናየው ነው፤ ሚሊዮን የሚከፈለው አሰልጣኝ፣ ከተማ የሚያህል ስታዲየም። ሦስተኛው ዲቪዥን ውስጥ ግን ኳስ ስለተጫወትክ ብሎ ኮሌጁ የትምህርት ክፍያህን ሊቀንስልህ አይፈቀድለትም። ጎበዝ ተማሪ ከሆንክ፣ ወይም ቤተሰብህ አቅም ካጣ፣ እንደማንኛውም ተማሪ ትረዳለህ፤ ክንድህ ግን ዋጋ የለውም። ልጁ ጠዋት ላቦራቶሪ ገብቶ አሲድ ሲለካ ይቆይና ከሰዓት ሜዳ ይወርዳል። ተመልካቹ ታጣፊ ወንበር ይዞ የመጣ ወላጅ፣ ብርድ ልብስ የደረበች አያት፣ አንዳንዴም አንድ ውሻ ነው።

እኔ እዚህ ነገር ውስጥ የገባሁት በአንድ ሽማግሌ ምክንያት ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ሆቴል የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ነኝ። አብረውኝ ጥበቃ የሚያድሩ የቨርጂኒያ ተራራ ሰው ነበሩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ እንግዳም ስልክም ጸጥ ሲል፣ የሚያነሱት ወሬ አንድ ብቻ ነው፤ ቢሊ ዋግነር።

ዋግነር የደሀ ቤት ልጅ ነው። ትንሽ ሳለ ቀኝ እጁ ሁለት ጊዜ ስለተሰበረ በግራው መወርወር ተማረ፤ በግድ ግራኝ ሆነ ማለት ነው። ቁመቱ አጭር ስለነበር ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዞር ብለውም አላዩትም። ፌረም የሚባል ትንሽ ኮሌጅ ገባ። 1992 ላይ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ እቆጥራለሁ፤ ይቅርታ) በየዘጠኝ ዙሩ በአማካይ 19.1 መቺዎችን በስትራይክ መለሰ። ሽማግሌው ይህን ቁጥር የሚጠሩት ጸሎት እንደሚደግም ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። እኔ ግን ምንነቱ እስኪገባኝ ወራት ወስዶብኛል። አንድ ሙሉ ጨዋታ ዘጠኝ ዙር ነው፤ አንድ ቡድን በየዙሩ ሦስት ሰው፣ በጠቅላላው 27 ሰው ይወጣበታል። እንግዲህ ከ27ቱ 19ኙ ኳሷን ወደ ሜዳ ሳያስገቡ ዱላቸውን እየጎተቱ ተመለሱ ማለት ነው። የቀሩት ስምንት ተከላካዮች ቆመው ሣር ሲቆጥሩ ሳይውሉ አይቀሩም።

በ1993 የፕሮፌሽናል ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ምልመላ ሂውስተን አስትሮስ በ12ኛ ምርጫ ወሰደው። ሥራው ቡድኑ እየመራ ሲመሽ ገብቶ በሩን መዝጋት ነበር፤ 422 ጊዜ ዘጋ። ኩፐርስታውን ወዳለው የዝና አዳራሽ የሚያስገቡት ድምፅ የሚሰጡ ጋዜጠኞች ናቸው፤ 75 በመቶ ያስፈልጋል፣ ዕድሉም አሥር ዓመት ብቻ ነው። ዋግነር በ2016 ሲጀምር 10.5 በመቶ አገኘ። በ2024 በአምስት ድምፅ ቀረበት። በ2025፣ በመጨረሻው ዕድሉ፣ 82.5 በመቶ አግኝቶ ከሦስተኛው ዲቪዥን ወጥቶ እዚያ የገባ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። በዚያው ክረምት ፌረም ኮሌጅ ሦስተኛውን ዲቪዥን ትቶ ወደ ሁለተኛው ተዛወረ። ዝናው ቤቱ ሲደርስ ባለቤቱ ሠፈር ለቅቋል።

ሽማግሌው ጡረታ ወጡ፤ አመሉ ግን እኔ ላይ ቀረ። ሌሊት ሠርቼ ቀን መተኛት ሲገባኝ መጋረጃውን ዘግቼ ስልኬ ላይ አፈጣለሁ። ብዙውን ጊዜ ምስል እንኳ የለውም። አራት ማዕዘን አረንጓዴ ሥዕል፣ በላዩ የሚበሩና የሚጠፉ ነጥቦች፣ ከሥሩ አንድ መስመር ጽሑፍ፤ «ወደ ግራ ሜዳ በረረች፤ ተያዘች።» በቃ። የቀረውን ራሴ እሞላዋለሁ፤ ንፋሱን፣ አቧራውን፣ የእናትየዋን ጩኸት።

ጉዳዩ የሚጦፈው ሜይ ላይ ነው። መደበኛው ወቅት ከ40 ጨዋታ አይበልጥም። ከዚያ ስልሳ ገደማ ቡድኖች ተመርጠው በአሥራ ስድስት ቦታ ይከፋፈላሉ፤ ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ሻንጣውን ያነሣል። የተረፉት አሥራ ስድስት ሁለት ሁለት እየሆኑ ይገጥማሉ። በመጨረሻ ስምንት ቡድን አንድ ከተማ ላይ ይሰበሰባል። ስሙን «ወርልድ ሲሪስ» ይሉታል፤ ከአሜሪካ ውጭ አንድ ቡድን ሳይኖር «የዓለም» ማለታቸው የእነሱ ነገር ነው። ለብዙ ዓመታት የሚደረገው አፕልተን፣ ዊስኮንሲን ነበር፤ ከዚያ ወደ ሲዳር ራፒድስ፣ አዮዋ ሄደ፤ በ2024 ኢስትሌክ፣ ኦሃዮ ገባ። እንደ ዘላን በየሜዳው ይሰፍራል።

ወሩ ደግሞ የምረቃ ወር ነው። አራት ዓመት የደከመበትን ዲግሪ ሊቀበል ቤተሰቡ ድግስ ደግሶ የሚጠብቀው ልጅ፣ በዚያው ቀን ሌላ ግዛት ውስጥ ሦስተኛው ቤዝ ላይ አጎንብሶ ይቆማል። ኮሌጆቹ መላ አበጅተውለታል፤ ጋዋኑን ሜዳ ድረስ ይዘውለት ይሄዳሉ። ከላይ ጥቁር ጋዋን፣ ከሥር ባለ ብረት ጥርስ ጫማ። በሕይወቴ ካየኋቸው የምረቃ ፎቶዎች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

በዚህ ውድድር ውስጥ ማሸነፍ ራሱ ጣጣ ሊሆን ይችላል። ሴንት ቶማስ የተባለ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በየስፖርቱ እየበረታ ቢያስቸግራቸው ጎረቤቶቹ በ2019 ከማኅበራቸው አስወጡት። በሬ ማረስ አበዛ ተብሎ ከቀንበር ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው። ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ወደ አንደኛው ዲቪዥን ለመሄድ ተዘጋጀ፤ ከመሄዱ በፊት በ2021 የቤዝቦል ቡድኑ ፍጻሜ ደረሰና በሜሪላንዱ ሳልስቤሪ ተሸንፎ ወጣ። በ2008 ደግሞ የኮነቲከቱ ትሪኒቲ ኮሌጅ 44 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ፍጻሜው ላይ ከጆንስ ሆፕኪንስ ጋር ተገናኘ። አዎ፣ እኛ በሐኪም ቤቱ የምናውቀው ሆፕኪንስ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ሐኪሞቹ አሸነፉ። ትሪኒቲ ቀጣዩን አሸንፎ ዋንጫውን ቢወስድም መዝገቡ ላይ 45 ለ 1 ሆኖ ቀረ። እኔን የሚከነክነኝ ያቺ አንዲቷ ናት። ሆፕኪንስ በ2023ም እንደገና ፍጻሜ ደርሶ በእኛው ቨርጂኒያ ሊንችበርግ ተሸነፈ፤ ያን ሰሞን ሆቴሉ ውስጥ ነገሩ የገባው ሰው ባይኖርም ፈገግታዬ አልደበቅ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ሽልማት ይመጣል። በየማኅበሩ፣ በየአካባቢው፣ ከዚያም በ1945 የተመሠረተው የቤዝቦል አሰልጣኞች ማኅበር ከመላ አገሪቱ የሚመርጣቸው፣ በመጨረሻም የዓመቱ ተጫዋች። ዝርዝሩ ሲወጣ የማትሪክ ውጤት ግቢው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቀን ትዝ ይለኛል፤ ዓይን ቁልቁል ይሮጣል፣ ጣት ይከተላል። ልዩነቱ፣ እዚህ የምፈልገው ስም የእኔ አለመሆኑ ነው። ፍትሐዊ ነው አልልም። ካሊፎርኒያ ፌብሩዋሪ ላይ ፀሐይ እየሞቁ የሚመቱና ሜን ውስጥ በረዶ በአካፋ ጠርገው የሚጀምሩ ልጆች በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ፤ መራጩም አብዛኞቹን በዓይኑ አላያቸውም። ሁሉም ነገር ቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ የሚዋሽበት ጊዜ አለ፤ ደካማ ወርዋሪ ላይ ሁሉም ጀግና ነው። አንዳንዴ ግን ቁጥሩ ራሱ አፍ ያወጣል። የኦሃዮው ማሪየታ ኮሌጅ ወርዋሪ ማት ዴሳልቮ 53 ጊዜ አሸንፎ 603 መቺ በስትራይክ መልሷል፤ በየትኛውም ዲቪዥን ከዚያ በፊት እንዲህ ያደረገ አልነበረም። በምልመላው ግን ማንም አልመረጠውም። የኒው ዮርኩ ያንኪስ ሳይመረጥ አስፈርሞት 2007 ላይ እዚያው ቆሞ ወረወረ። እዚያ ብዙም አልቆየም። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ምን ጠቀመው ትለኛለች።

የነገርኳት ሌላ ነው።

በርሚንግሃም፣ አላባማ ውስጥ በርሚንግሃም ሳውዘርን የሚባል ኮሌጅ ነበር። ዕድሜው ከ1856 ይቆጠራል፤ ተማሪዎቹ በመጨረሻ አንድ ሺህ አይሞሉም ነበር። ገንዘብ ከዳው። ከግዛቱ 30 ሚሊዮን ዶላር ብድር ጠየቀ፤ አላገኘም። በ2024 ማርች መጨረሻ ላይ ቦርዱ ኮሌጁ ሜይ 31 እንደሚዘጋ አስታወቀ። የቤዝቦሉ ወቅት ያኔ ገና መሃል ላይ ነበር። ልጆቹ ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር አብረው ይዘው ኖሩ፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚቀበላቸው ትምህርት ቤት ማፈላለግና የዛሬውን ጨዋታ ማሸነፍ። መምህራኑ ዕቃ ሲያሽጉ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሲቆለፍ፣ እነሱ ሲያሸንፉ ሰነበቱ። ኦሃዮ ድረስ ሄደው ዴኒሰንን ጥለው ከስምንቱ አንዱ ሆኑ። ደጋፊዎች የመንገዱን አዋጡላቸው።

የመጀመሪያ ጨዋታቸው የደረሰው ዓርብ ሜይ 31 ነው፤ በእኛ ግንቦት 23 ቀን 2016 ዓ.ም.። ይህን ያቀነባበረ ሰው የለም፤ መርሐ ግብሩ እንዲያው ገጠመ። በዚያ ቀን ኮሌጁ ተዘጋ፤ በዚያው ቀን በሳልቭ ሬጂና 7 ለ 5 ተሸነፉ። አንድ ሽንፈት ቀራቸው ማለት ነው። ቀብሩ ዓርብ ተፈጸመ፤ ሟቹ ቅዳሜ ዱላውን ይዞ ሜዳ ገባ።

የቅዳሜው ተጋጣሚ ደግሞ ራንዶልፍ ሜከን ነው፤ የአሽላንድ፣ ቨርጂኒያው፣ ከእኔ ቤት በመኪና ሁለት ሰዓት የማይሞላው። ወቅቱን ሙሉ ስከተለው የከረምኩት ቡድን ነው። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነጥቦቹ ሲበሩና ሲጠፉ እያየሁ፣ ልቤ ለማን እንደሚመታ ሳላውቅ ዋልኩ። ሲያልቅ በርሚንግሃም አሸነፈ። የራሴ ቡድን ከውድድር ወጣና ደስ አለኝ። እንዲህ ዓይነት ክህደት ለማንም አይነገርም፤ ለእናንተ ግን ይኸው።

እሑድ ዊስኮንሲን ዋይትዋተር መጣ። ትልቅ ነው፤ ዋንጫ የለመደ ነው። ሲቀዳደሙ፣ ሲደራረሱ ውለው ዘጠነኛው ዙር ገባ። 10 ለ 10። ከዚያ የስልኬ መስመር አንድ ጊዜ ብልጭ አለ፤ «ሆም ራን።» ኳሷ አጥር ተሻግራለች። ሌላ ጽሑፍ አልመጣም። እኔ ግን የሚቀጥለው መቺ ስም እንዲወጣ ብዙ ደቂቃ ጠበቅሁ።

ያልተመረቁት የበርሚንግሃም ልጆች በየፊናቸው ሌላ ኮሌጅ ፍለጋ ተበተኑ። ዋንጫውን የፔንሲልቬንያው ሚዘሪኮርዲያ ዋይትዋተርን አሸንፎ ወሰደ። በዚህ ጨዋታ መዝገብ ውስጥ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የትምህርት ቤቱ ስም ይጻፋል። በ1978 እና በ1979 ሻምፒዮን የሆነው ግላስቦሮ ስቴት ዛሬ ሮዋን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስሙ ቢለወጥም ቤቱ አለ፣ ዋንጫውን የሚወለውል ሰው አለ። የበርሚንግሃምን ኳስ ማን እንደወሰዳት አስባለሁ። የመጨረሻዋን አይደለም፤ እሷን የዋይትዋተሩ መቺ አጥር አሻግሯታል። የቅዳሜዋን።

ያን እሑድ ለእናቴ ስደውል እሷ ዘንድ መሽቶ ነበር። እንቅልፍ ይዟታል።

«ምነው ቆየህ? ደኅና ነህ?»

«ደኅና ነኝ እማዬ። ኳስ ይዞኝ ነው።»

«አሁንም እነዚያ?»

ሁሉንም ነገርኳት። የኮሌጁን፣ የብድሩን፣ የዓርቡን፣ የቅዳሜውን። ሳታቋርጠኝ ሰማች፤ ይህ እሷ ዘንድ ያልተለመደ ነው።

«ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶባቸው?»

«ተዘግቶባቸው።»

«ከዚያም ተሸነፉ።»

«ተሸነፉ።»

«ስንት ለስንት?»

በቤታችን የኳስ ውጤት ጠይቃ አታውቅም። አባቴ ሬዲዮ ሲሰማ እንኳ ድምፁን ቀንስ ነበር የምትለው።

«አሥራ አንድ ለአሥር» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። አልጋዋ ላይ ቀና ስትል የሽቦው ድምፅ ተሰማኝ።

«አሥር አግብተው?» አለች። «አሥር?»