ሒሳቡ የት ተለጠፈ?

ይህ ጽሑፍ ግለ ሂስ ነው። ጸሐፊዎቹ በ2017 ዓ.ም. የሥነ ዜጋ ክበቡን የመራን አምስት ሠልጣኞች ስንሆን፣ ስማችንን ስለምታውቁት አንደግመውም። ዝም ብንል ነገሩ ይረሳ ነበር። ነገር ግን ነገ ከነገ ወዲያ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ገብተን ልጆችን ስለ ግልጽነትና ተጠያቂነት የምናስተምረው እኛው ነንና፣ ይህን ሳንናገር ብንወጣ ጠመኔውን በምን እጃችን እንይዘዋለን?

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር አንድ የከተማችን ማኅበር «የሕዝብን ተሳትፎ ለማጠናከር» ሲል ለክበባችን 40,000 ብር ሊረዳ ቃል ገባ፤ ግማሹም ወዲያው እጃችን ገባ። ስድስት የውይይት ቀኖች አቀድን። ርእሶቹ ደህና ነበሩ፤ በቀበሌ ስብሰባ ላይ እንዴት ይጠየቃል? ወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት የትምህርት ቤቱን በጀት እንዴት ይከታተላል? መራጭ ድምፁን ከሰጠ በኋላ ምን ይቀረዋል? ለመጣው ሁሉ ሻይ በዳቦ፣ በላዩ ላይ 50 ብር አበል መደብን።

አዳራሹ ጢም አለ። ሦስቱንም ጊዜ ሰማንያ ሰማንያ ሰው ፈርሞ ተቀመጠ። እኛማ ደስታችን ወሰን አጣ፤ ፎቶግራፍ አነሳን፣ «ተሳትፎው ከፍተኛ ነበር» የሚል ሪፖርት ጽፈን ላክን።

ከዚያ ጥር መጣ። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀናት አገደ፤ በሰኔ 24 ቀን ደግሞ ዩኤስኤይድ የተባለው ድርጅቱ ሥራውን አቆመ። የረዳን ማኅበር ገንዘብ ምንጩ ከዚያው ኖሮ፣ የእኛ ቀሪ 20,000 ብር በዚያው ቀረ። አራተኛውን ውይይት ያለ ሻይና ያለ አበል ጠራን። ስንት ሰው መጣ? ዘጠኝ።

ከዘጠኙ አንዷ የሁለተኛ ዓመት የሒሳብ ሠልጣኝ ነበረች። እጇን አወጣችና፣ «የቀበሌውን ሒሳብ ጠይቁ ትሉናላችሁ። የእናንተስ ሒሳብ የት ተለጠፈ?» አለች።

«ሪፖርቱን እኮ ለረጂው ልከናል» አልን።

«እሱማ ልካችኋል። ግን ገንዘቡ የመጣው በእኛ ስም አይደል እንዴ?»

መልስ አልነበረንም። ማታ መኝታ ክፍል ቁጭ ብለን ደረሰኞቹን ቆጠርን። ለአበል 12,000፣ ለሻይና ዳቦ 5,400፣ ለሸራ ማስታወቂያና ለጽሕፈት መሣሪያ 2,600 ብር ወጥቷል። ከዚህ ከመጨረሻው ደረሰኝ ያለው ግን 1,100 ብር ብቻ ሆኖ ተገኘ። 1,500 ብር በቃል ብቻ ቀረ። አልሰረቅንም፤ አልጻፍንምም። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ ከተሰረቀው በምን ይለያል? ላየው ሰው በምንም።

አንድ አንጋፋ መምህራችን ዘንድ ሄደን አወራናቸው። ሳቅ አሉና፣ «ልጆቼ፣ እድር ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ጸሐፊው መዝገቡን ሲያነብ አንድ ብር ከጎደለ ‹ቆይ፣ ያንን መልሰህ አንብበው› የምትለው እሷ ናት። ከመቀነቷ ፈትታ ስለሰጠች ነዋ! የእናንተ ስብሰተኛ ምን ሰጥቶ ነው የሚጠይቃችሁ? እንዲያውም ከፈላችሁት» አሉን።

ቃሉ ከነከነን። ታዲያ የውጭ ገንዘብ ይቅር ማለት ነው? መጀመሪያ ከመካከላችን ሁለቱ እንዲህ ብለው ተከራከሩ። ይህ ግን በአገራችን አንድ ጊዜ ተሞክሯል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ እንዳያገኝ ከለከለ። ቀሪውን 90 በመቶ ከአገር ውስጥ ሰብስቡ ተባለ። ማን ይስጥ? ነጋዴው ለድግስ፣ ለቤተ እምነት፣ ለታመመ ሰው ይሰጣል፤ ሹም ለሚጠይቅ ማኅበር ለመስጠት ግን ይፈራል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳባቸው ታገደ፤ ሥራቸውም ተዳከመ። ባሏ የደበደባት፣ ጠበቃ የምትቀጥርበት የሌላት ሴት የነጻ የሕግ ምክር የምታገኝበት በር ጠበበ። ለዚህች ሴት የእድር ሣንቲም ጠበቃ አያቆምላትም። ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካና የገንዘብ ምንጩ ገደብ ተነሣ። በሰኔ 2013ቱ ምርጫም በርካታ ማኅበራት መራጩን አስተማሩ፤ ምርጫውንም ታዘቡ።

እንግዲህ ሁለቱን አብረን ስናያቸው፣ በ2001 ቧንቧውን የዘጋው የአገር ውስጥ እጅ ነበር፤ በ2017 ደግሞ የውጭ እጅ። ሁለቱም ጊዜ የጠማው ሰው አልተጠየቀም። ስለዚህ ገንዘቡ ከየትም ይምጣ፣ ማኅበሩ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ሒሳቡ ለማን እንደሚነበብ ሲታይ ነው ብለን አምነናል። ለረጂው ብቻ የሚነበብ ከሆነ የረጂው ነው። በስማቸው ለተጠራው ሰዎች የሚነበብ ከሆነ ግን፣ ረጂው ቢሄድም እነሱ ይቀራሉ።

እኛ ይህን ገልብጠን ሠራነው። ውይይቱ ስለ ተሳትፎ ነበር፤ ተሳትፎው ግን ሻይ መጠጣትና መፈረም ሆነ። በጀቱን ስናወጣ አንድ አባል እንኳ አላማከርንም። ብናማክር ኖሮ ምናልባት «አበሉ ይቅርና ለዓመቱ ሙሉ ይብቃን» የሚል አይጠፋም ነበር።

ስለዚህ ይህን አድርገናል። ሙሉ ሒሳቡን ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፈናል፤ ደረሰኝ የሌለው 1,500 ብርም በቀይ ተጽፏል። እያንዳንዳችን 300 ብር ከኪሳችን ለክበቡ እንመልሳለን። አዲሱ ኮሚቴ በየወሩ 5 ብር መዋጮ ጀምሯል፤ እስካሁን 31 አባላት ከፍለዋል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ሻይ እንኳ አይገዛም። ባለፈው ስብሰባ ግን የመጡት 26 ሰዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ጥያቄም «ወረቀቱ በስንት ተገዛ?» የሚል ነበር።

ከሒሳቡ አጠገብ ባዶ ወረቀትና በክር የታሰረ እስክሪብቶ ሰቅለናል። ሠልጣኞችም መምህራንም፣ ያልገባችሁን ጻፉበት። እስከ ዓርብ መልሱን እዚሁ ግድግዳ ላይ ታገኙታላችሁ።

የ2017 ዓ.ም. የሥነ ዜጋ ክበብ ኮሚቴ